አዳራሻቸውን የሰጡን ኤፒስኮፓሎች «ዓመቱን አብራችሁን አሳልፉ» አሉን፤ የሀገረ ስብከታቸው ዓመት እንዴት ነው የሚዞረው?

ጥያቄ (ከስልቨር ስፕሪንግ፣ የሦስት ልጆች እናት)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች፦ እንደምን ሰነበታችሁ።

በሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የምንኖር ሃያ ያህል ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ነን። ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደልና መዝሙር የሚማሩበት ቦታ አጥተን ከአንዱ ሳሎን ወደ ሌላው ስንዞር ከቆየን በኋላ አንድ የኤፒስኮፓል (በአሜሪካ ያለችው የአንግሊካን ወገን ቤተ ክርስቲያን) ደብር አዳራሹን በመጠነኛ ኪራይ ሰጠን። ሰዎቹ ትሑታን ናቸው። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ ቁልፍ ከመቀበልና ቼክ ከመስጠት ያለፈ ግንኙነት አልነበረንም።

ይህን የለወጠው በ2024 የደረሰብን ነገር ነው። ለፋሲካ ልጆቹን ሰብስበን ለማስፈሰክ አዳራሹን አስቀድመን ጠይቀን ነበር። ጥያቄያችንን የተቀበለው ሰው «ፋሲካ» የሚለውን ቃል በራሱ ቀን መቁጠሪያ ተረድቶ ለማርች 31 መዘገበልን፤ የእኛ ፋሲካ ግን በዚያ ዓመት የዋለው ሜይ 5 ነው። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ዶሮ ወጥ የሞላ ድስት፣ ድፎ ዳቦና እንጀራ ተሸክመን ስንደርስ በአዳራሹ ውስጥ የሌላ ቤተሰብ የልደት ግብዣ ደርቶ አገኘነው። ልጆቹ የሀገር ልብሳቸውን እንደለበሱ በመኪና ማቆሚያው ዳር በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ተቀምጠው በሉ። የደብሩ አስተዳዳሪ ሴት ቄስ ናቸው፤ ይህን በሰሙ ጊዜ ከቤታቸው ድረስ መጥተው ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አጥብቀውም ይቅርታ ጠየቁን። ከዚያ ቀን በኋላ ነው «ተከራይ ብቻ አትሁኑ፤ ጎረቤት ሁኑንና ዓመቱን አብረን እናሳልፍ» ያሉን።

ግብዣው ልባችንን ነክቶታል። ነገር ግን ምን እንደተጋበዝን በትክክል አናውቅም። የእነርሱ ዓመት መቼ ይጀምራል? በየወቅቱ ምን ይሠራሉ? ሀገረ ስብከቱ ሲባልስ ከአንዱ ደብር በላይ ያለው ምንድን ነው? ሁላችንም ተዋሕዶዎች ስለሆንን እምነታችንን ሳናደበዝዝ፣ እነርሱንም ሳናስቀይም፣ በየትኛው ልንገኝ፣ በየትኛውስ በትሕትና ልንቀር ይገባል? በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩን ውለታችሁ አይረሳም።

መልስ 1 (በአንድ የኤፒስኮፓል ደብር ጽሕፈት ቤት ለዐሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ)

ውድ እህታችን፣ ድስት ተሸክሞ በር ላይ መቅረት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ይገባኛል። የዚያን ዓይነቱን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ጥያቄዎ በቀጥታ እኔን የሚመለከት ያህል ተሰምቶኛል።

አስቀድሜ ስለ ሀገረ ስብከቱ ልበል። እናንተ ያላችሁበት የዋሽንግተን ሀገረ ስብከት በ1895 ከሜሪላንድ ሀገረ ስብከት ተከፍሎ የቆመ ሲሆን፣ የሚያጠቃልለው ዋሽንግተን ዲሲንና አራት የሜሪላንድ ካውንቲዎችን፣ ማለትም ሞንትጎመሪን፣ ፕሪንስ ጆርጅስን፣ ቻርልስንና ሴንት ሜሪስን ነው። ባልቲሞር የሌላ ሀገረ ስብከት ነው፤ ቨርጂኒያም እንዲሁ። ከ2011 ጀምሮ ጳጳሷ ማርያን ኤድጋር ባዲ ናቸው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቅስና እንዲቀበሉ በሕግ የፈቀደችው በ1976 ስለሆነ ሴት ቄስ ማየት ለእነርሱ አዲስ ነገር አይደለም። መንበረ ጵጵስናው ሁላችንም ዊስኮንሲን አቬኑ ላይ ስናልፍ የምናየው ናሽናል ካቴድራል ነው፤ በ1907 የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ በ1990 የተጠናቀቀ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው።

ነገር ግን ሀገረ ስብከት ሲባል ካቴድራሉን ብቻ የሚያስብ ሰው ነገሩን አያገኘውም። እያንዳንዱ ደብር «ቬስትሪ» የሚባል፣ እንደ እኛ ሰበካ ጉባኤ ያለ፣ በምእመናን የተመረጠ አካል አለው። የደብሩን አስተዳዳሪ ቄስ ፈልጎ የሚጠራው፣ በጀቱን የሚያጸድቀው፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሠራተኛ የሚያመጣው ይኸው አካል ነው። ጳጳሱ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ መሠረት ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እያንዳንዱን ደብር መጎብኘት አለባቸው፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆችን እጅ ጭነው የሚያጸኑትም በዚያ ቀን ነው። ለዚያ እሑድ የሚደረገውን ዝግጅት ብታዩ የእኛን የንግሥ በዓል ዋዜማ ያስታውሳችኋል፤ ነሐሱ ይወለወላል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ በጓዳ ሦስት ዓይነት ኬክ ይጋገራል።

ወደ ወቅቱ ስመጣ፣ በመጽሐፋቸው ዓመቱ የሚጀምረው ከገና በፊት ባለው አራተኛ እሑድ፣ «አድቬንት» በሚሉት ጊዜ ነው። በተግባር ግን የደብሩ ሥራ የሚጀምረው በሴፕቴምበር፣ የሌበር ዴይ እረፍት እንዳለፈ ነው። በሰመር ተበትኖ የከረመው መዘምራን ይመለሳል፤ የልጆች ትምህርት ይከፈታል። ከእኛ እንቁጣጣሽ ጋር መገጣጠሙ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ልጆቻችሁ አበባ ይዘው «አበባዬ ሆይ» ቢሉላቸው በዚያ ሰሞን የሚበልጥ ስጦታ አይኖርም።

ኦክቶበር 4 የአሲሲው ፍራንሲስ መታሰቢያ ስለሆነ በዚያ አካባቢ ባለው እሑድ እንስሳትን ይባርካሉ። በመጀመሪያው ዓመቴ ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ በመስታወት ማሰሮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ ዓሣ ይዞ፣ ውሃው እንዳይፈስ እየተጠነቀቀ፣ ከትልልቅ ውሾች መካከል ተሰልፎ አየሁ። ቄሱ ተንበርክከው እጃቸውን በማሰሮው አፍ ላይ አድርገው የዓሣዋን ስም ጠየቁት፤ በስሟም ባረኳት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ቀርቼ አላውቅም።

ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው፤ በዓመቱ ያረፉ የደብሩ ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይነበባል። በዚሁ ወር ምእመናን በመጪው ዓመት የሚሰጡትን ገንዘብ በጽሑፍ ቃል ይገባሉ፤ በጀቱ የሚቆመው በዚህ ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ያለውን ጊዜ ዲሲ የብርድ አደጋ ወቅት ብላ ትይዘዋለች። በእነዚህ ወራት ብዙ አድባራት ለቤት አልባ ሰዎች ትኩስ ምግብ፣ ካልሲና ብርድ ልብስ ያዘጋጃሉ። ያለ ምንም ማመንታት ልትገቡበት የሚገባው ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተራበን ማብላት የማንንም ሃይማኖት አያደበዝዝም።

የታንክስጊቪንግ ቀንም የራሱ ታሪክ አለው። በዲሲ 15ኛው ጎዳና ላይ ያለው ሴንት ሉክስ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ አገልግሎቱን ያካሄደው በ1879 የታንክስጊቪንግ ዕለት ነው። የመጀመሪያው አስተዳዳሪ አሌክሳንደር ክራመል፣ በላይቤሪያ ለሃያ ዓመት ያህል ያገለገሉ ጥቁር ቄስ ነበሩ። የጥቁር ምእመናን አድባራት በዚህ ሀገረ ስብከት ውስጥ እንግዳ ሆነው አያውቁም፤ ከመሠረቱ ያሉ ናቸው። በየፌብሩዋሪውም የመጀመሪያውን ጥቁር የኤፒስኮፓል ቄስ፣ በባርነት የተወለዱትን አብሳሎም ጆንስን ያስባሉ፤ በዚያ ሰሞን የሚሰበሰበው መባ ለጥቁሮች ኮሌጆች ይሰጣል።

በአድቬንት አራት ሻማ የተተከለበት የቅጠል አክሊል አለ፤ በየእሑዱ አንድ ይለኮሳል። በገና ዋዜማ ልጆች የልደቱን ታሪክ በትርኢት ያቀርባሉ፤ ከእናንተ ልጆች አንዱ እረኛ ቢሆን ጋቢውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ከዲሴምበር 25 ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ቀን ቆጥረው ጃንዋሪ 6 ኤጲፋንያን፣ የሰብአ ሰገልን መምጣት የሚያስቡበትን በዓል፣ ያከብራሉ። በማግስቱ የእኛ ገና ነው! የእነርሱ ጌጥ ሳይወርድ የእኛ በዓል ስለሚገባ፣ ካልተቸኮለ በቀር ዛፉና መብራቱ እንዲቆይላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን የማከብረው ጃንዋሪን ነው፤ ማንም የማያደንቀው ወር። በዚያ ወር የደብሩ ዓመታዊ ጉባኤ ይደረጋል፤ ቬስትሪው ይመረጣል፤ ገቢና ወጪው በወረቀት ታትሞ ለሁሉም ይታደላል። ማንኛዋም አሮጊት እጇን አውጥታ «የማሞቂያው ወጪ ለምን ጨመረ?» ብላ ልትጠይቅ ትችላለች፤ መልስም ታገኛለች። አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ የሀገረ ስብከቱ ዓመታዊ ጉባኤ ካህናትንና ከየደብሩ የተመረጡ ምእመናንን ይሰበስባል። በታዛቢነት ለመቀመጥ ቢፈቅዱላችሁ አያምልጣችሁ። ስለእነርሱ ብዙውን ያወቅሁት ከገና መዝሙራቸው ሳይሆን ከዚያ ስብሰባ ነው።

መልስ 2 (ዲያቆን፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ)

ከላይ የተጻፈው መልካም ነው፤ እኔ ስለ ዐቢይ ጾምና ስለ ትንሣኤ ብቻ ልጨምር፤ ምክንያቱም ሁለቱ ቀን መቁጠሪያዎች የሚጋጩትም የሚመሳሰሉትም እዚህ ላይ ነው።

የእነርሱ ጾም ረቡዕ ይጀምራል፤ እሑዶቹ ሳይቆጠሩ አርባ ቀን ነው፤ የእኛ ሃምሳ አምስት ቀን ይሆናል። በዋዜማው ማክሰኞ ማታ በአዳራሹ ፓንኬክ ይጋግራሉ። ልማዱ የተጀመረው በቤት ያለውን እንቁላል፣ ቅቤና ወተት ከጾም በፊት ለመጨረስ ነው፤ ለልጆቻችሁ «የእነርሱ ቅበላ ነው» ብትሏቸው ያለ ሌላ ማብራሪያ ይገባቸዋል። በማግስቱ ቄሱ በምእመናን ግንባር ላይ በአመድ መስቀል እየሠሩ «አፈር መሆንህን፣ ወደ አፈርም እንደምትመለስ አስብ» ይላሉ። አመዱ ያለፈው ዓመት የሆሳዕና ዘንባባ ተቃጥሎ የተገኘ ነው።

በጾሙ ወራት «ሃሌ ሉያ» አይሉም። በአንዳንድ ደብር ልጆች ቃሉን በጨርቅ ላይ ጽፈው በሣጥን ከተው ይቀብሩታል፤ በትንሣኤ ሌሊት አውጥተው ይዘረጉታል። ይህን ያየሁ ዕለት በጾመ ድጓው ሰዓት ከበሮውና ጸናጽሉ ጥግ ይዞ መቋሚያው ብቻ ሲቀር የሚሰማኝን ዝምታ አስታወሰኝ። አለባበሱም ይለወጣል፤ በጾሙ ሐምራዊ፣ በትንሣኤ ነጭ፣ በጰራቅሊጦስ ቀይ ይሆናል።

በጾሙ ሳምንታት ብዙ አድባራት በአንዱ ማታ ሾርባና ዳቦ አብረው ይበላሉ፤ ከዚያም አጭር ትምህርት ይከተላል። እዚህ ላይ እናንተ የምትሰጡት አላችሁ። እነርሱ እንደ እኛ ከሥጋና ከወተት ሁሉ የመከልከል ግዴታ የለባቸውም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚተወውን ራሱ ይመርጣል። አንድ ዓመት የእኛ እናቶች ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ይዘው ቀረቡ። አንድ አዛውንት አሜሪካዊ «ይህ ሁሉ የጾም ነውን?» ብለው ደጋግመው ጠየቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሚስታቸው ጋር ስለ ጾም ሥርዓታችን የሚጠይቁትን በወረቀት ጽፈው መጡ። ከብዙ ንግግር ይልቅ አንድ ድስት ምስር በዚያ ማታ ስለ ጾማችን አስተማረ።

በሰሙነ ሕማማት የሀገረ ስብከቱ ካህናት ከጳጳሷ ጋር በካቴድራሉ ተሰብስበው የክህነት ቃላቸውን ያድሳሉ፤ ለጥምቀት የሚያገለግለውም ቅብዐ ቅዱስ ይባረካል። በጸሎተ ሐሙስ እንደ እኛ ሕጽበተ እግር አለ። ከዚያ በኋላ መብራቱ እየቀነሰ የመሠዊያው ልብስ፣ መቅረዙና መስቀሉ አንድ በአንድ ይወጣል፤ ሕዝቡም ሳይነጋገር ይበተናል። በትንሣኤ ዋዜማ ማታ በደጅ እሳት ተለኩሶ ከእርሱ ትልቁ የፋሲካ ሻማ ይበራል፤ ከሻማው ደግሞ ሁሉም ይቀበላል። ልጆቻችሁን ወደ አንድ አገልግሎት ብቻ ልትወስዱ ብትመርጡ ይህን ምረጡ።

ሁለት ነገሮችን ግን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው። የመጀመሪያው ስለ ቅዱስ ቁርባን ነው። እነርሱ የተጠመቀን ሁሉ ወደ ማዕዳቸው ይጋብዛሉ፤ የእኛ ሥርዓት ግን ከሌላ ቤተ ክርስቲያን መቁረብን አይፈቅድም። መቀመጫችሁ ላይ ብትቆዩ ማንም አይቀየማችሁም፤ ወደፊት መቅረብ ብትፈልጉ ደግሞ ሁለት እጆቻችሁን በደረታችሁ ላይ አመሳቅላችሁ ስትቆሙ ቄሱ ምልክቱን አውቀው ባርከው ያሳልፏችኋል። የንስሐ አባታችሁን ሳታማክሩ ግን ይህንም አታድርጉ። ሁለተኛው፣ በሴቶች ክህነትም ሆነ በጋብቻ ጉዳይ ትምህርታቸው ከእኛ የተለየ ነው። ልዩነቱን ልጆቻችሁ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል፤ ሰዎቹን ማክበርና በትምህርቱ አለመስማማት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉም በቤት አሳዩአቸው።

ስለ ቀኑ፦ በ2025 ሁለቱም ፋሲካዎች ኤፕሪል 20 ዋሉ፤ በ2028ም ኤፕሪል 16 ይገናኛሉ። በ2027 ግን የእነርሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2 ነው። አዳራሽ በምትጠይቁበት ጊዜ «ፋሲካ» ብላችሁ ከመጻፍ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ጽፋችሁ አስፈርሙ።

መልስ 3 (ነርስ፣ ሴንት ሜሪስ ካውንቲ)

ሁላችሁም የጻፋችሁት ለከተማ ቅርብ ስላሉት አድባራት ነው። እኔ የምኖረው ከሀገረ ስብከቱ ደቡባዊ ጫፍ፣ ፖቶማክ ወንዝ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከሚገባበት አጠገብ ነው። ከዚህ ስልቨር ስፕሪንግ ድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ ሰዉም፣ ምድሩም፣ ወቅቱም ሌላ ነው።

እዚህ አካባቢ አንዳንዱ ደብር ከአሜሪካ መንግሥት ይቀድማል። የሜሪላንድ ቅኝ ግዛት በ1692 የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን በሕግ ሲያቋቁም፣ ለካህናቱ ደመወዝ ከእያንዳንዱ ግብር ከፋይ ሰው አርባ ፓውንድ ትምባሆ እንዲሰበሰብ ወሰነ። ትምባሆውን ያመርቱ ከነበሩት እጆች ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን እጆች ነበሩ። በአሮጌ የደብር መቃብር ውስጥ ስዘዋወር በድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ስሞች እያነበብኩ ስማቸው ያልተቀረጸላቸውን አስባለሁ። በሴንት ሜሪስ ሲቲ ያለው ትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1829 የተሠራው በጥንቱ የቅኝ ግዛት ምክር ቤት ጡብ ነው።

የእኛ ወቅት የሚታወቀው በምግብ ነው። ኦይስተር የሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ቅዝቃዜው ሲገባ ይያዛል፤ በመኸርና በክረምት አብያተ ክርስቲያናት የእራት ቀን አውጥተው ቲኬት ይሸጣሉ፤ ገቢው ለጣሪያ ወይም ለችግረኛ ይውላል። ከእርሱ ጋር የሚቀርበው የዚህ ካውንቲ መታወቂያ በጎመን፣ በሽንኩርት፣ በሰናፍጭ ፍሬና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ የተሞላ የአሳማ ሥጋ ነው። እኔ አልበላውም፤ ሳላፍር ነግሬያቸዋለሁ። ሆኖም ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጎመኑን ከሚከትፉት ሴቶች ጋር እቆማለሁ። እንደ ክትፎ ጎመን አድርጌ ስከትፍላቸው አንዲት የሰባ ስምንት ዓመት እናት ቢላዬን ተቀብለው አገላብጠው አዩና «አንቺን ያስተማረችሽ ማን ናት?» አሉኝ። «እናቴ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስልክ የሚደውሉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ጊዜ ደግሞ ዳሌያቸውን ተሰብረው ሆስፒታል ሲገቡ በፈረቃዬ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ለዝግጅቱ ከመጣችሁ በእንግድነት ሰዓት ሳይሆን በዝግጅት ሰዓት ድረሱ። በእነዚህ አድባራት ሰው የሚተዋወቀው ጓዳ ውስጥ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእራት ቀን ሲደርስ ቢላዬን ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፦ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ወራት፣ በተለይ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሰመር፣ እንዴት ነው የሚያልፈው? ልጆቻችንን የምናውልበት የምናጣው ያን ጊዜ ነው።

መልስ 1 (በድጋሚ)

ከፋሲካ በኋላ ሃምሳው ቀን እንደ እኛው የደስታ ነው። በሜይ የመጀመሪያው ዓርብና ቅዳሜ በካቴድራሉ ግቢ «ፍላወር ማርት» ይደረጋል፤ ከ1939 ጀምሮ የቆየ የአበባ ገበያ ነው። ችግኝ ይሸጣል፣ ለልጆች የሚሽከረከር የጥንት የእንጨት ፈረስ አለ፣ ገቢው ለግቢው የአትክልት ስፍራ ይውላል። ከዕርገት በፊት ባሉት ቀናት አንዳንድ አድባራት የጓሮ አትክልታቸውን እየዞሩ ይባርካሉ። ከጰራቅሊጦስ በኋላ አረንጓዴው ልብስ ይወጣል፤ እስከ አድቬንት ድረስም ያ ረጅም ወቅት ይቀጥላል።

በሰመር መዘምራኑ ያርፋሉ፤ በእሑድ ሁለት አገልግሎት የነበረው ደብር ወደ አንድ ያወርደዋል። ለልጆች ግን ለአንድ ሳምንት ያህል የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት፣ ጨዋታና የእጅ ሥራ የሚሰጥበት መርሐ ግብር በብዙ ቦታ አለ፤ የሌላ ቤተ እምነት ልጆችንም ይቀበላሉ። ምዝገባው ቀድሞ ስለሚሞላ በማርች ጠይቁ። አስተማሪ ሁልጊዜ ስለሚያጥራቸው ከእናንተ ወጣቶች ሁለቱ በረዳትነት ቢገቡ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ሌላም ትንሽ ነገር ላሳስብዎ። በአዳራሹ መደርደሪያ ላይ ሰማያዊ የካርቶን ሣጥን አይታችሁ ይሆናል። ሴቶች በ1889 የጀመሩት የምስጋና መባ ነው፤ ሰው በቀኑ ውስጥ ባመሰገነበት ነገር ሁሉ ሳንቲም ይጥልበታል፤ በጸደይና በመኸር ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ በአላስካ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራትና ወደ ጃፓን መምህርት ለመላክ ዋለ። ለልጆቻችሁ አንድ አንድ ብታስወስዱላቸው ይወዱታል።

መልስ 4 (የጋምቤላ ልጅ፣ ሃያትስቪል)

እኔ በጋምቤላ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ስለሆንኩ አንድ መረጃ ላካፍል፤ ብዙ የሀገሬ ልጆች «ይህ የፈረንጅ እምነት ከእኛ ምን አገናኘው?» ሲሉ ስለምሰማ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ማቴዎስ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በጋምቤላ ደግሞ በኑዌር፣ በአኙዋክና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚያመልኩ ብዙ ጉባኤዎች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሱዳን ጦርነት በተሰደዱ ሰዎች የተመሠረቱ ናቸው። በጋምቤላ ከተማ ያለው የካህናት ማሠልጠኛ የተሰየመው በቅዱስ ፍሬምናጦስ፣ እናንተ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በምትሏቸው አባት ስም ነው።

የኤፒስኮፓል አድባራት በስቅለት ዕለት የሚሰበስቡት መባ ከ1922 ጀምሮ ወደ ኢየሩሳሌምና መካከለኛው ምሥራቅ ይላካል። እስከ 2020 ድረስ በኢትዮጵያ ያሉት የአንግሊካን ጉባኤዎቻችን በዚያው የኢየሩሳሌምና የመካከለኛው ምሥራቅ ክፍል (በርካታ አህጉረ ስብከት በሚጠቃለሉበት «ፕሮቪንስ») ሥር ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የእስክንድርያ ክፍል ራሱን ችሎ ሲቆም ጋምቤላ አንዱ ሀገረ ስብከት ሆነች። ስለዚህ በደብራችሁ በስቅለት ዕለት ሙዳየ ምጽዋቱ ሲዞር ስለዚያ የሀገራችን ጥግ ለቄሷ ልትነግሯቸው ትችላላችሁ። እኔ በምሄድበት ደብር ይህን የነገርኳቸው ዕለት ዓለም አቀፍ ካርታ አውጥተው ባሮ ወንዝን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

ጠያቂዋ

ትናንት ማታ ከቄሷና ከቬስትሪው ሁለት አባላት ጋር ተቀምጠን ሁለቱን ቀን መቁጠሪያ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፍን፤ የእነርሱን በሰማያዊ፣ የእኛን በአረንጓዴ። ሜይ 2 ቀን 2027 አዳራሹ ለእኛ ተይዟል፤ ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመቱም ተጽፎ ተፈርሟል። በጾማቸው ሁለተኛ ሳምንት የሾርባውን ማታ እኛ ወስደናል። ከመውጣታችን በፊት ወረቀቱን በጓዳው በር ላይ፣ ከሻይ ማፍያው በላይ ለጠፍነው፤ ቄሷም «ጥምቀት» የሚለውን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ እንዴት እንደሚነበብ ትንሿ ልጄን ጠየቋት። «ጥ» የሚለው ድምፅ እስኪወጣላቸው ድረስ ደጋግማ አስባለቻቸው።